ለማንም ያልተባለ ወሬ

ቶሮንቶ፣ ጁን 6 ቀን 1971

ውድ እህቴ ኤልቫ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ኦብሪ ከባሕር ተመለሰ? ጎመኑስ በቀለ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዘጠኙንም ቀን «ዛሬስ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ነው የመሸብኝ። ተቆጥተሽ እንደሆነ ተቆጪ፤ ሲበርድልሽ ግን ይቅር በዪኝ።

አስተማሪዋ ሚስ ሂርትል በትምህርት ቤት ምዝገባው ቀን የሰጠችሽን ወረቀት ገልብጠሽ ስለላክሽልኝ ደግ አደረግሽ። «ልጅቷ ሥራ ሲሰጣት ያለማቋረጥ ከራሷ ጋር ታወራለች። ሴፕቴምበር 2 ተመልሳ ትታይ። ያን ጊዜም ካልተወች ሃሊፋክስ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ትግባ» ይላል። አዳሪ! አምስት ዓመት ላልሞላት ልጅ! ቲሊን በገናና በበጋ ብቻ እያየሽ ልትኖሪ ነው?

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «አንቺ የዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ጥናት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠሪው፤ ብቻውን የሚያወራ ልጅ ጤነኛ ነው ወይስ በሽተኛ?» ብለሻል። ኤልቫዬ፣ እኔ እኮ ታይፒስት ነኝ። ልጆቹ ሲጫወቱ በቴፕ ይቀዳል፤ እኔ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እተይባለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለም። ቢሆንም ላንቺ ስል አለቃዬን ዶክተር ማርሽን ደረጃ ላይ ተከትዬ ጠየቅኩት። እርምጃውን እንኳ አልቀነሰም። «ጩኸት ነው፤ ሥርዓት ሲይዙ ይተዉታል» አለኝና ሄደ። እውነትም የዚህ ቤት ደንብ እንደዚያ ነው። አንዱ ልጅ ለሌላው ወይም ለአስተማሪው የተናገረውን እተይባለሁ፤ ለማንም ያልተባለውን ግን ሰረዝ አድርጌ አልፈዋለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሰረዝ እንደመታሁ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ዝም አሰኚያት። ልጆች ሳለን ስብከቱ ሲረዝም ሴቶቹ ከቦርሳቸው ነጭ ሚንት ከረሜላ እያወጡ አፋችን ውስጥ ይሸጉጡብን አልነበር? «እስኪሟሟ ድረስ አንዲት ቃል እንዳልሰማ!» ይሉን ነበር። አንቺን እንኳ ዝም ያሰኘ ከረሜላ ቲሊን የማያሰኝበት ምክንያት የለም። ሦስት ወር ሙሉ አለሽ፤ አይዞሽ።

ቲሊ ያቺን በባሕር ሥር ያለች፣ ባለ መቆንጠጫ ሎብስተሮች የሚኖሩባት ቤት የሣለችበትን ወረቀት ላኪልኝ፤ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት እለጥፋታለሁ።

እህትሽ ሙሪየል


ሃርማን ኮቭ፣ ጁን 25 ቀን 1971

ውድ ሙሪየል፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ማር በሙቅ ውሃ ጠጪበት፤ የከተማውን ኪኒን ተዪው። ኦብሪ ለአራት ቀን መጥቶ፣ ሦስቱን ተኝቶ፣ ተመልሶ ወደ ባሕር ሄዷል።

ሠራ! ከረሜላው ሠራ እልሻለሁ! ስሟን ጠርቼ «ቲሊ፣ አፍሽን» ስላት ከፈት ታደርጋለች፤ አንዷን ጣል ነው። ስታልቅ ሌላ። አማቴ ላቪንያ ከደስታዋ ብዛት ከሱቅ አንድ ከረጢት ሙሉ ይዛ መጣች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው?» አለችኝ። ታውቂያት የለ፤ «ብቻዋን የምታወራ ልጅ፣ የሚመልስላት አለ ማለት ነው» እያለች ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች። ሚስ ሂርትልም ፖስታ ቤት አግኝታን ቲሊን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ጥሩ ጅምር ነው» አለች። ከሚስ ሂርትል አፍ ይህ ሲወጣ ትልቅ ነገር ነው።

በፖስት ካርድሽ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ትበላለች። በጨው የደረቀ ዓሣና ድንች ሲሆን ትንሽ ታንገራግራለች እንጂ ትበላለች። ጥርሷንም ማታ ማታ አስቦርሻታለሁ። ደስተኛ ናት ወይ ላልሽው፣ ጸጥ ያለች ልጅ ደስታዋ በምን ይታወቃል? አትረብሽም። ለጠየቋት ትመልሳለች። ጎረቤቶቹ ሁሉ «አደገች» ይሉኛል።

ሥዕሉን ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ። ሰሞኑን ብዙም አልሣለችም።

እህትሽ ኤልቫ


ቶሮንቶ፣ ጁላይ 4 ቀን 1971

ኤልቫ! ኤልቫዬ!

እንደምን ነሽ ሳልል ልጀምር ነው፤ ይህችን ሳታነቢ እጅሽ ሌላ ነገር እንዳይነካ። ከረሜላውን ጣዪው! ከረጢቱን በሙሉ ባሕር ውስጥ ጣዪው!

ያበድኩ እንዳይመስልሽ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ አንድ የተየብኩት ጥራዝ ጠፋና ቴፑን እንደገና እንድሰማ አዘዙኝ። ኖሪን የምትባል የአራት ዓመት ልጅ በእንጨት ኩቦች ግንብ ስትሠራ ነው። ደብዳቤሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። «ሰሞኑን ብዙም አልሣለችም» ያልሽው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኛል። ቲሊ? ከግድግዳው እስከ ወተት ሂሳቡ ወረቀት ድረስ የምትሥለው ቲሊ? እንዲህ እያሰብኩ ሰረዝ የምመታበት ቦታ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ያለችውን ተየብኩት። ይኸውልሽ፦

«ትልቁ ከታች... ትልቁ ከታች። አሁን አንቺ። ቀስ። ቀስ። ኧረ! ወደቀች። ለምን ወደቅሽ አንቺ? ቀጭን ነሽ፣ እግር የለሽም። ቆይ... ሁለት እግር እንስጣት። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ከላይ ደግሞ ረጅሙ... ውይ! ድልድይ ሆነች! ግንብ አይደለሽም፤ ድልድይ ነሽ!»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ነው ሰረዝ ሳደርግ የኖርኩት!

ሌላ ሠራተኛ ደግሞ ልጆቹ በየደቂቃው በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ በወረቀት ይመዘግባል። ያንን ወረቀት አውጥቼ ከቴፑ ጎን አስቀመጥኩት። ከዚያ የሌላ ልጅ፤ ከዚያ የሌላ። ምሳዬን ረስቼዋለሁ። የአሥራ አንድ ልጆች ቴፕ ሰምቻለሁ፤ በዘጠኙ ላይ ያው ነው። ሥራው ሲቀልላቸው ዝም ይላሉ። ሲከብድባቸው፣ ሲፈርስባቸው፣ ግራ ሲገባቸው ወሬው ይጎርፋል። እጃቸው መላ የሚያገኘውም ከወሬው በኋላ ነው! አፋቸው ቀድሞ ይሄዳል፤ እጃቸው ይከተላል። የሚያስቡት እኮ እየጮኹ ነው ኤልቫ! እኛ በሆዳችን የምናደርገውን እነሱ ገና በአፋቸው ነው የሚያደርጉት።

በሽታ አይደለም። ማሰብ ነው። እኔ ደግሞ አፏን ዝጊው ብዬ መከርኩሽ።

እባክሽ ዛሬውኑ ጻፊልኝ። ሥዕሉን «ሌላ ጊዜ» ብለሽ ያለፍሽው ለምንድን ነው? ምን የደበቅሽኝ ነገር አለ?

ሙሪየል


ሃርማን ኮቭ፣ ጁላይ 13 ቀን 1971

ሙሪየል፣

ሰላም ብያለሁ። ከሰላምታ በላይ ግን አትጠብቂ፤ ተናድጃለሁ። ልጄ የቧንቧ ውሃ መሰለችሽ እንዴ? በጁን ዝጊያት፣ በጁላይ ክፈቻት! በጎረቤት ምክር ብሳሳት «እህቴን መጠየቅ ነበረብኝ» እል ነበር። እህቴን ጠይቄ ስሳሳት ማንን ልበል?

እሺ። የደበቅኩትን ልንገርሽ። ቲሊ ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ምንም አልሠራችም። ያ ከምድጃው አጠገብ ያለው ሳጥኗ፣ ሲባጎው፣ ቡሹ፣ የልብስ መቆንጠጫው ሁሉ እንደተዘጋ ነው። ቀለም ሰጠኋት፤ ወረቀቱን ሙሉ ግራጫ ቀባችና «ጨረስኩ» አለችኝ። ምንድን ነው ስላት «ምንም» አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከረሜላዋን እየመጠጠች ጉም ታያለች። አልጋዋንም ማርጠብ ጀምራለች፤ ከዓመት በፊት የተወችውን። ላንቺ ያልጻፍኩት ስላፈርኩ ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ «አደገች» ሲለኝ፣ እኔም ማመን ፈልጌ ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ከረጢቱን ወሰድኩና ወደብ ላይ ሄጄ ደፋሁት። አማቴ በመስኮት አየችኝ። «የሚበላ ነገር ባሕር የሚደፋ ሰው ደግሞ የባሰበት ነው፤ ለሃሊፋክስ ሁለት አልጋ ይያዝ!» አለችኝ።

ከዚያ ቲሊን ጠርቼ «የኔ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮሽ ማውራት ትችያለሽ» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አፏን ከፈት አድርጋ ጠበቀችኝ። ከረሜላውን ጣል እንዳደርግላት! «አውሪ እንጂ» ስላት «ምን ልበል?» አለችኝ። ማጀት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ሰባት ሳምንት ነው የቀረኝ። አሁን ደግሞ የምፈራው ሁለት ነገር ሆነ። ብታወራ ሃሊፋክስ ይወስዱብኛል። ባታወራ ደግሞ ያቺ ደረጃው ላይ የምትቀመጠው ልጅ ትቀርልኛለች። እስቲ አንቺ አዋቂዋ፣ ምን ላድርግ?

ኤልቫ


ቶሮንቶ፣ ጁላይ 21 ቀን 1971

ውድ እህቴ፣

ምላሴን በቆረጠው። ያልሽው ሁሉ ይገባኛል፤ ከዚያም በላይ ይገባኛል። ደረጃ ላይ እየተጣደፈ አንድ ሰው የነገረኝን ቃል እንደ ወንጌል ይዤ ላንቺ ላክሁት። ይቅርታ የምልሽ አንዴ አይደለም፤ ቲሊ እስክታወራ ድረስ በየደብዳቤው እልሻለሁ።

አሁን ግን አዋቂ ስላልሆንኩ የሰማሁትን ብቻ ልንገርሽ። ከረሜላውን ጣዪው ካልኩሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባሁ ቴፕ እሰማለሁ፤ ጽዳት የምትሠራዋ ሴት ቁልፍ ትሰጠኛለች። በአንደኛው ቴፕ ላይ አስተማሪዋ ልጁን «እስቲ ጮክ በል፣ ምን እያልክ ነው?» ትለዋለች። ልጁ ዝም ይላል። ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ «አውሪ» አትበያት። ስታዝዣት ወሬው ላንቺ ይሆናል፤ ያ ወሬ ደግሞ ያንቺ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የሚከብዳትን ነገር ስጫት። ቀለምና ወረቀት ይቀላታል። የሚያስቸግራት፣ የሚፈርስባት፣ መላ የሚጠይቃት ነገር ይሁን። ሰጥተሽ ውጪ። በሩን ሙሉ በሙሉ አትዝጊው።

ሦስተኛ፣ ይህን ስጽፍ ሳቄ እየመጣ ነው፣ አንቺው ራስሽ አውሪ። ሊጥ ስታቦኪ፣ የዓሣ እሾህ ስትለቅሚ፣ የኦብሪን ሹራብ ስትጠግኚ ለራስሽ የምትዪውን ጮክ በይበት። ልጅቷ ቤቱ ውስጥ ወሬ ነውር መሆኑ እንደቀረ በጆሮዋ ትስማ። አማትሽ ምን እንደምትል አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ፤ ችዪው።

ዶክተር ማርሽ ምን አለ ካልሽኝ፣ እሱን ተዪው። ያመጣሁለትን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ሙሪየል፣ ሰረዝሽን ምቺ» አለኝ። አልመታም!

ጥፋተኛዋ ሙሪየል


ሃርማን ኮቭ፣ ኦገስት 10 ቀን 1971

ሙሪዬ!

ታወራለች! ታወራለች! ታወራለች!

እጄ ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ ቢቆሽሽ አትታዘቢኝ። ከጎመን መደቡ ተነሥቼ በቀጥታ መምጣቴ ነው። በተርታ ልንገርሽ።

እንዳልሽኝ ማውራት ጀመርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ለመደብኝ፤ አሁን ማን ያቆመኛል? «ጨው... ጨው አድርጌአለሁ ወይስ አላደረግኩም? ቅመሺው እንጂ አንቺ ጅል» እላለሁ። አማቴ ሹራቧን ይዛ ወደ ጓዳ ተሰደደች። ኦብሪ መጥቶ ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል ስል፣ «ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ ገመድ ስቀጥል ሁሌ አወራለሁ እኮ፤ መርከቡ ላይ ያሉት ሁሉ ያወራሉ፤ ማንም ማንንም አይሰማም» አለ። አሥር ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን አልነገረኝም! እሱው ነው አንድ የተሰበረ የሎብስተር ወጥመድ፣ ያንን የገባ የማይወጣበትን የእንጨት ሳጥን፣ አምጥቶ ሣሩ ላይ የጣለላት። «ይቺ አትጠገንም፤ ከቻልሽ የፈለግሽውን አድርጊያት» ብሏት ሄደ።

ሁለት ቀን ዞረችው። በሦስተኛው ቀን ነካችው። ዛሬ ጠዋት ጎመን እየኮተኮትኩ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የወፍ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ተንበረከኩ፤ መተንፈስም ተውኩ። ያለችውን ቃል በቃል ጽፌልሻለሁ፤ ታይፒስት አንቺ ብቻ አይደለሽም፦

«ጉሙ በዚህ ይገባል። ሲገባ... ሲገባ አያውቅም። በሩ ወደ ውስጥ ነው፤ እንደ ሎብስተር። ከዚያ መውጣት ይፈልጋል። አይ አይ አይ፤ ጉም ቀጭን ነው፣ በቀዳዳው ይወጣል። መረብ? መረብም ቀዳዳ ነው፣ አንቺ ሞኝ። ጨርቅ። ጨርቅ ደግሞ... ወፍራም ጨርቅ ይታፈናል፣ ጉሙ ይሞታል። ቀጭን... ቀጭን... የአያቴ ስቶኪንግ!»

ጉም ማጥመጃ እየሠራች ነው ሙሪየል! እዚህ አገር አምስት መቶ ሰው ጉም ሲረግም ይኖራል፤ ለማጥመድ ያሰበ አንድም ሰው የለም!

ስቶኪንጉ እውነትም ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጠፋ። አማቴ ልትቆጣ ወጣች፤ ወጥመዱን አየችው፤ ዞረችው። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «ቋጠሮው ይላላል። ሁለተኛውን ዙር በዚህ አሳልፊው» አለቻት። ከዚያም ሌላኛውን እግር ከጓዳ አምጥታ ሰጠቻት። እኔ ጎመኑ ውስጥ እንደተንበረከክሁ እያለቀስኩ እስቃለሁ።

አልጋዋ ከደረቀ ሳምንቱ ነው።

ግን ሙሪየል፣ ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ቀኑን ቆጠርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስ ሂርትል ፊት ትቀመጣለች፤ እንደዚህ ደግሞ ታወራለች። ከበፊቱም በላይ እንጂ በታች አታወራም። ለአንድ ጠዋት ብቻ ዝም እንድትል ባስለምዳትስ? ወይስ አንቺ በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ ትጽፊላታለሽ? ማኅተም ያለበት ነገር ሚስ ሂርትል ታከብራለች። ቶሎ መልሺልኝ።

ኤልቫ


ቶሮንቶ፣ ኦገስት 19 ቀን 1971

የጎመኗ ታይፒስት፣ የኔ ጀግና!

ደብዳቤሽን በአውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ! ስለ ጉሙ ማጥመጃ ለጽዳቷ ሴት ነገርኳት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማኅተሙን ለማግኘት ሞክሬአለሁ። ዶክተር ማርሽ አልፈርምም አለ። «የታይፒስት ግኝት» ብሎ ሳቀ። ሰርቄ ልጻፍ ብዬ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ካስገባሁ በኋላ አወጣሁት። ሐሰተኛ ፊርማ ቢታወቅ የሚጎዳው ቲሊን ነው።

ለአንድ ጠዋት ዝም ስለማሰኘት፣ እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ መክሬሽ ምን እንደሆነ አይተሻል። አልደግመውም። አንቺም አታድርጊው።

ስለዚህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። «እኔ ምን አውቄ ከሚስ ሂርትል ጋር እከራከራለሁ» ትያለሽ፤ አውቅሻለሁ። ነገር ግን ተንበርክከሽ በጆሮሽ የሰማሽው እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰማሁት ቴፕ ሁሉ ይበልጣል። እኔ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት፤ አንቺ ልጅቷን ከነዝምታዋ አይተሻታል። ያየሽውን ንገሪያት። ከመፈተኗ በፊት ንገሪያት፤ በኋላ ከሆነ ሰበብ ይመስላል።

በዚያ ቀን ጠዋት ሥራ አልገባም። ስልክ ቤት እቆማለሁ፤ ያው እዚያ ቤት ስልክ የላችሁም፣ ግን ልቤ አይቀመጥልኝም።

ሙሪየል


ሃርማን ኮቭ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1971

ውድ እህቴ ሙሪየል፣

ቴሌግራሜ ደረሰሽ አይደል? «ማክሰኞ ትገባለች» ብቻ ነበር ያልኩት፤ ከዚያ በላይ ማለት አልሆነልኝም። አሁን ቁጭ ብያለሁ፤ «ሁሉንም ንገሪኝ» ላልሽው ሁሉንም ልንገርሽ።

ሚስ ሂርትል በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀጥ ብዬ ሄጄ ተናገርኩ። «ሚስ ሂርትል፣ ልጄ ሥራ ሲከብዳት ታወራለች። በጁን አፏን ዘግቼው ነበር፤ አብሮ እጇም ቆመ። እንደገና አልዘጋውም። ሃሊፋክስ ይላኳት ቢሉ እንኳ አልዘጋውም» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና «ይታያል» አለች። ይህችን ብቻ። ኋላ ያለችው ወንበር ላይ እንድቀመጥና ድምፅ እንዳላሰማ አዘዘችኝ።

አምስት ልጆች ነበሩ። ባለ ቀለም እንጨት ተሰጣቸው፤ ካርዱ ላይ ያለውን ሥዕል በእንጨቱ እንዲሠሩት ነው። ሦስት ካርድ ነበር። በመጀመሪያው ካርድ ላይ ቲሊ አንዲት ቃል አልወጣትም። ፍጹም ጸጥ! ሚስ ሂርትል እርሳሷን አንሥታ ጻፈች። ሙሪየል፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ደነገጥኩ። ፈርታ ዘጋች፤ ያቺ የደረጃው ልጅ ተመለሰች ብዬ ነው። እንጨቱን ግን ከሁሉም ቀድማ ጨረሰችው። በሁለተኛው ካርድ ላይ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሦስተኛው የልጅ ሥራ አልነበረም። አጠገቧ ያለችው የዝዊከሮች ልጅ ኢዩኒስ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ቲሊ ክፍሉን ሙሉ በሚሰማ ድምፅ «አይ እንግዲህ! ቀዩ እዚህ ከሆነ ሰማያዊው የት ሊገባ ነው?» አለች። ሚስ ሂርትል ቀና አለች። ቲሊ እሷን አላየቻትም፣ እኔንም አላየችኝም። «ይቺ ትዙር። ዞረች። አሁን ቀዳዳ ቀረ። ቀዳዳው ምን ዓይነት ነው? ሾል ያለ። ሾል ያለ ማን አለ? አንቺ! ተደብቀሽ ነው?» ሚስ ሂርትል እርሳሷን እንደያዘች ተነሣች። በቃ አለቀ አልኩ። መጥታ ከቲሊ ኋላ ቆመች፤ ጎንበስ አለች፤ ረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆና ሰማች። ኢዩኒስም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «ሾል ያለ... ሾል ያለ...» እያለች የራሷን መፈለግ ጀመረች። ሚስ ሂርትል አላስቆመቻትም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠራችኝ። «በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ይህን ሳስቆም ነው የኖርኩት» አለችኝና የምዝገባውን መዝገብ ከፈተች። ከዚያ በለመደችው ድምጿ «ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል። እንዳታረፍዱ። ሌሎቹን ስትረብሽ ካየሁ አዘዋውሬ አስቀምጣታለሁ፤ ዝም በይ ግን አልላትም» አለች። ልስማት ምንም አልቀረኝ። ሚስ ሂርትልን!

አሁን የምነግርሽ ግን ለማንም ያልነገርኩት ነው። በመንገዱ ላይ እጇን ይዤ ጠየቅኳት።

«የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያውን ለምን ዝም ብለሽ ሠራሽው? ፈርተሽ ነው?»

«ዝም አላልኩም።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ።»

«በሆዴ ነዋ ያልኩት። ቀላል ነበር።»

ቆምኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው በሆድሽ የምትዪው?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንጃ። አንዳንዴ ነው። ከባድ ሲሆን አይበቃም፤ ያኔ ይወጣል።»

«እና በሆድሽ ምን አልሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንደማዝንባት ያወቀች መሰለኝ፤ እጄን ጠበቅ አደረገችው። «ላንቺ አይደለም እኮ እማዬ» አለችኝ።

መንገዱ መሃል ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኔ ሞላ። በጋውን በሙሉ ያንን ድምፅ ለማስመለስ ተንበርክኬ ከረምኩ፤ ከማንም ጋር ልጣላለት ተዘጋጀሁ፤ እሷ ደግሞ ይዛው ወደ ውስጧ ልትገባ ነው። ቅር ብሎኛል ሙሪየል፤ አልዋሽሽም። ደስ ያለኝ ግን ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ማንም ከረሜላ አጉርሶ ሊዘጋው የማይችልበት ቦታ አግኝታለች፤ እኔም ብሆን አልደርስበትም።

ሌላ አልጠየቅኳትም። ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ምን ብላ እንደሆነ አላውቅም።

እህትሽ ኤልቫ